ሐረር በካሜራ፦ 70-300 ሌንስ ልግዛ ወይስ 50 ሚሊ?

ብርሃን_ፈላጊ፦

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ለሐረሪዎች የሸዋል ኢድ በዓል ከእናቴ ጋር ሐረር ልንሄድ ነው። እሷ ልጅነቷን ያሳለፈችው ጀጎል፣ ግንብ በከበባት አሮጌዋ ከተማ ውስጥ ነው፣ ከወጣች ግን ብዙ ዓመት ሆኗታል፣ እና ከተማውንም ዘመዶቿንም በስልክ ሳይሆን ደህና አድርጌ በካሜራ ማንሳት እፈልጋለሁ። ያለኝ ኒኮን ዲ5300 አብሮት ከሚመጣው 18-55 ኪት ሌንስ ጋር ነው። ላንድ ሌንስ የሚሆን ብር አጠራቅሜያለሁ ግን የቱን እንደምገዛ ግራ ገብቶኛል። አንዷ ጓደኛዬ 70-300 የሚባለውን የሩቁን የሚያቀርብ ሌንስ ግዢና ከሩቅ ሆነሽ ሰው ሳያይሽ አንሺ፣ ፊታቸው ተፈጥሯዊ ሆኖ የሚወጣው እንደዛ ነው ትለኛለች፣ ሌላ ልጅ ደግሞ 50 ሚሊ 1.8ዲ የሚባል ያገለገለ አግኝቼልሻለሁ ርካሽ ነው ቶሎ ወስኚ እያለኝ ነው። ማንሳት የምፈልገው ጠባብ መንገዶቹን፣ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ላይ ያሉትን ልብስ ሰፊዎች፣ ሴቶቹን በዛ በሚያምር ልብሳቸው፣ ማታ ደግሞ ጅቦቹን ነው። ለጅቦቹ ፍላሽ ልጠቀም? ሰዎቹስ ፎቶ ሲነሱ ይቆጣሉ ወይ? የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ፣ በቅድሚያ አመሰግናለሁ።

የጀጎል_ልጅ፦

አቦ እንኳን ደህና መጣሽ! መጀመሪያ አንድ ነገር፣ 50ውን 1.8ዲ እንዳትገዢ። ሌንሱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ዲ5300 ውስጥ የፎከስ ሞተር የለም፣ ዲ የሚባሉት የድሮ ሌንሶች ደግሞ የራሳቸው ሞተር የላቸውም፣ ስለዚህ አውቶ ፎከስ አይሰራልሽም፣ ሁሌ በእጅሽ እያዞርሽ ልትፈልጊ ነው። ኤኤፍ-ኤስ የሚል የተጻፈበትን ነው መግዛት ያለብሽ። 35 ሚሊ 1.8ጂ ዲኤክስ ለዚች ካሜራ የተሰራ ነው፣ ያንቺ ሰንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ትንሽ ስለሆነ ትልቅ ሰንሰር ባለው ካሜራ 50 ሚሊ አካባቢ የሚያሳየውን ነው የሚያሳይሽ፣ ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ማንንም አያስደነግጥም።

አሁን ወደ ሰዉ ልምጣ፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር እሱ ነው። ከሩቅ ተደብቀሽ ማንሳቱን እባክሽ ተይው። ጀጎል እኮ ትንሽ ነች፣ ሰዉ ይተዋወቃል፣ መንገዱም ጠባብ ስለሆነ ለ300 ሚሊ የሚሆን ርቀት ራሱ አታገኚም፣ ያን ትልቅ ሌንስ ደግነሽ ስትታዪ ሕጻናቱ ይሰበሰባሉ ትልልቆቹ ፊታቸውን ያዞራሉ በቃ አለቀ። ይልቅ እናትሽን ይዘሻት ዙሪ። ወላሂ ከየትኛውም ሌንስ በላይ እሷ ናት በር የምትከፍትልሽ። የማን ልጅ እንደሆነች ትናገር፣ ሰላምታው ይለቅ፣ ቡናው ይጠጣ፣ ካሜራው አንገትሽ ላይ ይታይ ግን አታንሺ፣ ከዛ በኋላ አንድ ላንሳዎት ወይ ብትያቸው እምቢ የሚልሽ ጥቂት ነው። አንቺ ደግሞ ሴት መሆንሽ ትልቅ ዕድል ነው፣ ወንድ ፎቶ አንሺ የማይገባበት ቤት ትገቢያለሽ፣ ሴቶቹም ወንድ ካሜራ ይዞ ሲመጣ የሚሸፋፈኑትን ያህል ካንቺ አይሸሹም።

እምቢ ካሉሽ ግን እምቢ ነው፣ ዞረሽም እንዳታነሺ። ጫት የሚቅሙ ሰዎችን ሳትጠይቂ አታንሺ፣ በመንገድ ላይ አወዳይ ስትደርሱም ጫት ተራው ያጓጓሻል፣ እዛም ቢሆን ካሜራሽን ቦርሳ ውስጥ አድርጊ፣ ነጋዴው ሥራ ላይ ነው ፎቶ አይወድም። ፍተሻ ኬላና ወታደር ያለበትን ቦታ ማንሳት እንደማይቻል መቼም ታውቂዋለሽ።

አይኤስኦ_3200፦

ስለ ሌንሱ ከላይ የተባለው ትክክል ነው፣ እኔ ስለ ጅቦቹ ልጨምር ምክንያቱም ብዙ ሰው እዛ ሄዶ ጥቁር ነገር ይዞ ነው የሚመለሰው። ምግቡ የሚሰጣቸው ከመሸ በኋላ ነው፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ካለፈ ማለት ነው፣ ከግንቡ ውጪ። ብዙ ጊዜ ያለው ብርሃን ያመጣሽ መኪና ወይ ባጃጅ መብራት ነው። ፍላሽ አትጠቀሚ። አንደኛ የጅቡ ዓይን ብርሃኑን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ሁለት ነጭ አምፖል ይሆንብሻል፣ ሁለተኛ ከኋላ ያለው ሁሉ ድቅድቅ ጨለማ ሆኖ ቦታው የት እንደሆነ እንኳን አይታወቅም፣ ሦስተኛ የሚያበላቸው ሰውዬ በጥርሱ በነከሳት እንጨት ላይ ሥጋ አድርጎ እያበላ ፊቱ ላይ ፍላሽ ማብራት ደስ አይልም።

በኪት ሌንስሽ 35 ላይ ስትሆኚ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል) የሚከፈተው እስከ 4.5 ገደማ ነው፣ 35ቱ ግን እስከ 1.8 ይከፈታል፣ ያ ማለት 6 እጥፍ ብርሃን ነው። በኪቱ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 12800 የሚጠይቅሽ ቦታ በ35ቱ 2000 አካባቢ ይበቃሻል፣ ዲ5300 ደግሞ እስከ 3200 ድረስ ኖይዙ (ፎቶው ላይ የሚወጣው ነጠብጣብ) ብዙም አያስቸግርም። ማኑዋል (ሁሉንም ራስሽ የምትመርጪበት) ላይ አድርጊና ሸተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/200 ሰከንድ፣ አፐርቸር 2፣ አይኤስኦ 3200 ብለሽ ጀምሪ፣ ከዛ እያየሽ አስተካክዪ። ማኑዋል ያልኩሽ ካሜራው ያን ሁሉ ጨለማ አይቶ ላብራልሽ ሲል የሰውየውን ፊትና የጅቡን አፍንጫ ስለሚያነጣው ነው። ሸተሩን ከ1/125 በታች አታውርጂ፣ ጅብ ሥጋውን የሚነጥቀው ባንዴ ነው፣ ቪአር (ሌንስ ውስጥ ያለው መንቀጥቀጥ መቀነሻ) ያንቺን እጅ እንጂ የጅቡን ጭንቅላት አያቆምልሽም።

አሁን ብዙ ሰው የማያስበው ነገር፣ በ1.8 ሦስት ሜትር ላይ ሆነሽ ስታነሺ ጥርት ብሎ የሚወጣልሽ ግማሽ ሜትር አካባቢ ጥልቀት ብቻ ነው፣ ጠጋ ብለሽ አንድ ሜትር ተኩል ላይ ከሆንሽ ደግሞ ከአንድ ስንዝር ያነሰ። ስለዚህ ከሰውየው ጀርባ ወይ ከፊት ለፊቱ ከቆምሽ ወይ እሱ ወይ ጅቡ ይደበዝዛል። በጎን ሂጂና ሰውየውና ጅቡ ካንቺ እኩል ርቀት ላይ ሲሆኑ አንሺ፣ ሁለቱም ጥርት ይሉልሻል። ፎከሱን በመሀሉ ነጥብ ብቻ አድርጊው፣ በጨለማ ከዳሮቹ ይልቅ እሱ ይይዛል። ከካሜራው ፊት ለፊት የምትበራዋን የፎከስ መብራትም ከሜኑ አጥፊያት። ሾፌሩን ደግሞ መብራቱን ትንሽ ወደ ጎን እንዲያዞር ጠይቂው፣ ፊት ለፊት ከመታቸው ፊታቸው ዝርግ ይሆናል፣ ከጎን ሲመጣ ግን የጅቡ ጸጉር አንድ በአንድ ይታያል። በሮው (ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል) ማንሳት ግዴታ ነው፣ የመኪና መብራት ቢጫ ነው፣ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ታስተካክዪዋለሽ።

መንገደኛ፦

70-300ውን እንዲህ ባንዴ አትጣሉት እንጂ። እኔ ተደብቆ ሰው ማንሳትን አልደግፍም፣ ግን ለዛ ብቻ አይደለም እኮ የተሰራው። ጊዲር መጋላ ሥጋ ተራው ላይ ጭላቶቹን አይታችኋል? ከሰማይ ወርደው ሥጋ ከሰው እጅ ነጥቀው ነው የሚሄዱት። ያን በ35 ሚሊ እንዴት ታነሱታላችሁ? 200 ሚሊ እና 1/2000 ሸተር ይፈልጋል፣ ቀን ስለሆነ ብርሃኑ ይበቃል። ከከፍታ ቦታ ሆነሽም ጀጎልን ስታነሺ ጣሪያዎቹንና ሚናሬቶቹን አጥብቆ አንድ ላይ የሚያመጣልሽ ረጅም ሌንስ ነው። ዩኔስኮ 82 መስጊድ ብሎ የመዘገበው ከተማ ነው፣ እሱን በሰፊ ሌንስ ስታነሺው ሁሉም ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይቀራል።

የጀጎል_ልጅ፦

@መንገደኛ ስለ ጭላቶቹ ልክ ነህ ወንድሜ፣ አልከራከርም። ግን እሷ የጠየቀችው ሰው፣ ጠባብ መንገድና ማታ ነው፣ ብሯም ላንድ ሌንስ ነው የሚበቃት። ለጭላት ብላ 300 ገዝታ ቤት ውስጥ የአክስቷን ፎቶ በአፐርቸር 5.6 ልታነሳ ነው? የሐረሪ ቤት ውስጥ እኮ ብርሃኑ በበሩ ነው የሚገባው፣ ከፍ ከፍ ያሉት ቀይ መደቦቹ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሰፌዶች፣ ያ ሁሉ የሚያምረው በዛ በበሩ ብርሃን ነው። እናትሽን መደቡ ላይ ፊቷን ወደ በሩ አድርገሽ አስቀምጫት፣ አንቺ ከበሩ ጎን ቁሚ፣ አፐርቸር 2.8፣ አይኤስኦ 1600፣ ሌላ ምንም አያስፈልግም። ጫማ ማውለቅ እንዳትረሺ።

ብርሃን_ፈላጊ፦

ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ፣ ይሄን ያህል አልጠበኩም። 35ቱን ልገዛ ነው። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፣ እናቴ ቶሎ ስለሚደክማት ጠዋት በጊዜ አንወጣም፣ ጸሐይ ከወጣች በኋላ ነው የምንዞረው፣ እና ፎቶግራፈሮች ሁሉ ቀትር ላይ አታንሱ ይላሉ፣ ታዲያ ምን ላድርግ?

አይኤስኦ_3200፦

ሜዳ ላይ ከሆንሽ እውነታቸውን ነው፣ ከ4 እስከ 9 ሰዓት ድረስ ጸሐዩ አናት ላይ ስለሚሆን ዓይን ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። ጀጎል ውስጥ ግን ነገሩ ይለያል። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ አንዱ ግድግዳ ጸሐይ ሲመታው ሌላው ጥላ ነው፣ ጸሐይ የመታው ግድግዳ ደግሞ ብርሃኑን ለስላሳ አድርጎ ወደ ጥላው ይመልሰዋል። ሰውየውን ጥላው ውስጥ አቁሚው፣ ፊቱን ወደ በራው ግድግዳ ያዙር፣ ስቱዲዮ ውስጥ የተነሳ ነው የሚመስለው። ግድግዳው አረንጓዴ ወይ ሰማያዊ ከተቀባ ቀለሙ ፊት ላይ እንደሚያርፍ ግን አትርሺ፣ ለፊት ፎቶ ነጩን ወይ ክሬሙን ግድግዳ ምረጪ። ሰውየው ጀርባ ያለው ሁሉ ነጭ ከሆነ ደግሞ ካሜራው ይሞኝና ፊቱን ያጠቁረዋል፣ ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን ብሩህነት) በ0.7 ወይ በ1 ከፍ አድርጊው።

መኪና ግርግርም በቀን ነው የሚነሳው፣ ልብስ ሰፊዎቹ ደጃፍ ላይ ስለሚሰሩ ጥላ ውስጥ ናቸው። እዛ ሸተሩን ቀይሪበት፣ በ1/250 የሰፊው እጅ ቆሞ ይታያል፣ በ1/30 ካሜራሽን አንድ ነገር ላይ አስደግፈሽ ካነሳሽ ደግሞ ሰውየው ጥርት ብሎ መንኮራኩሩና እጁ ብቻ ሲሽከረከሩ ይወጣል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፣ ሥራው ይታያል።

መንገደኛ፦

ቀትር ላይ ደክሟችሁ ማረፍ ካማራችሁ በፈረንሳዊው ገጣሚ በአርተር ራምቦ ስም የሚጠራው ሙዚየም ራምቦ ቤት ግቡ፣ ውስጡ ብርሃኑ ደስ ይላል፣ የድሮ የሐረር ፎቶዎችም አሉ። ቤቱ እሱ ከሞተ በኋላ የተሰራ ነው፣ ግን ሰውየው እውነትም ሐረር ውስጥ ፎቶ አንስቷል፣ ካሜራ ከፈረንሳይ አስመጥቶ በ1883 እ.ኤ.አ. የራሱን ፎቶ አንስቶ ለቤተሰቡ ልኳል፣ ሥዕሉ የነጣው የሚያጥብበት ውሃ መጥፎ ስለሆነ ነው ብሎም ጽፎላቸዋል። ዛሬ ሜሞሪ ካርድ ይዞ እዛው ከተማ መዞር ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ሳስበው ይገርመኛል።

ስለ ሜሞሪ ካነሳን፣ ዲ5300 አንድ የካርድ ቦታ ብቻ ነው ያላት። አንድ ትልቅ ካርድ ከመያዝ ሁለት 32 ጊጋ ያዢ፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል፣ ማታ ማታ ወደ ላፕቶፕ ገልብጪ። ጂፒኤሷን አጥፊያት ባትሪ ትበላለች። ትርፍ ባትሪ የግድ ነው። ሌንስ ስትቀይሪም ነፋስ ላይ አትቀይሪ፣ አፈሩ ሰንሰሩ ላይ ከተቀመጠ ሰማዩ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ በሁሉም ፎቶ ይከተልሻል።

ብርሃን_ፈላጊ፦

እሺ እሺ ሁሉንም ጽፌያለሁ። ሸዋል ኢድ ማታው ላይስ ካሜራ ይዞ መግባት ይቻላል? ኢትዮጵያ ውስጥም ውጪም ታዋቂ ሆኗል ሲሉ ሰምቻለሁ።

የጀጎል_ልጅ፦

ይቻላል፣ በ2023 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ከመዘገበው ወዲህማ ካሜራ የያዘ ሰው በዝቷል። ግን የአውሊያዎቹ መቃብር ዘንድ ዚክሪ (የፈጣሪ ስም የሚወደስበት ዜማ) የሚባልበት ቦታ ላይ ስትደርሺ ትልልቆቹን አስፈቅጂ፣ ጸሎት ነው። በድሮ ልማድ ወጣቱ የሚተጫጭበትም በዓል ስለሆነ ልጃገረዶቹ ሁሉም ፎቶአቸው ፌስቡክ ላይ እንዲወጣ አይፈልጉም፣ ከመለጠፍሽ በፊት ጠይቂያቸው። ከበሮ የሚመቱትንና ሴቶቹ በእጃቸው እንጨት የሚያጋጩትን ግን እንደልብሽ፣ ዳር ላይ ከሴቶቹ መሀል ተቀመጪ፣ ያው 35ቱ፣ አይኤስኦ 3200፣ 1/125። ደግሞ ያነሳሻቸውን ሰዎች ከመመለስሽ በፊት ፎቶ ቤት ሄደሽ በወረቀት አሳትመሽ ስጫቸው፣ ስልክ የሌላቸው እናቶች አሉ። የቸኮልሽ እንደሆን ለአክስትሽ ተይላቸው፣ እሷ ታደርስላቸዋለች።