ለሶሌታ ጣሪያ የቱ ሜምብሬን ይሻላል?

ጣና ዳር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባህር ዳር ጂ ፕላስ ዋን እያሠራን ነው። ላዩ ቆርቆሮ የለውም፣ ሶሌታ ብቻ ነው፣ ልብስም የምናሰጣው ሮቶም የምናስቀምጠው እዚያው ላይ ነው። ውሃ እንዳያሰርግ አንዱ በእሳት የሚለጠፈውን ጥቁሩን ሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ) ይለኛል፣ ሌላው በብሩሽ የሚቀባው ይበቃሻል ይላል፣ ግንበኛው ደግሞ «ሊሾውን ጠበቅ አድርጌ ልሥራልሽ፣ ሌላው ትርፍ ወጪ ነው» ብሎ ድርቅ ብሏል። ክረምቱን ታውቁታላችሁ፣ የበጋው ፀሐይም አይጣል ነው። ምን ትላላችሁ?

ፎርማኑ፦
ግንበኛሽን አትስሚው። ሊሾ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ማታ ይሰበሰባል፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ከተገኘች ደግሞ ለውሃ በቂ ናት።

የሚለጠፈው ሁለት ዓይነት ነው። ኤስቢኤስ እንደ ላስቲክ ስለሚሳብ ብርድ አገር ይመረጣል። ኤፒፒ ሙቀት ይችላል፣ ላንቺ እሱ ነው። 4 ሚሊ ሜትሩን ውሰጂ። ጥቅሉ 1 ሜትር በ10 ሜትር ቢሆንም 10 ካሬ አይሸፍንም፣ ምክንያቱም ጎን ለጎን 10 ሳንቲም፣ ጫፍ ላይ 15 ሳንቲም ይደራረባል። ስትገዢ ይህን አስቢበት። ልብስ የምታሰጪበት ከሆነ ላዩን ሴራሚክ አልብሺው። ክፍት የሚቀር ከሆነ ግን ጠጠር የተረጨበትን ግዢ፣ ለስላሳው ራቁቱን ፀሐይ ላይ አይበረክትም።

ቀለም ቤት፦
የሚቀባውን ባትንቁት ጥሩ ነው። ቱቦና ብረት የበዛበት ጣሪያ ላይ ፖሊዩሬቴን የሚባለው ዓይነት መገጣጠሚያ ስለሌለው ይመቻል። አክሪሊክ የሚባለው ግን ውሃ የሚያቁር ቦታ ላይ ይላጣል። ዱቄቱና ፈሳሹ ተደባልቆ የሚቀባው ባለ ሲሚንቶ ደግሞ ለመታጠቢያ ቤት ነው የሚሆነው፣ እዚያ ሌላ አትፈልጊ። የሚቀባ ነገር አንድ ችግሩ ሠራተኛው ስስ አድርጎ ቀብቶት ቢሄድ በዓይን አይታወቅም፣ ስለዚህ ስንት ባልዲ እንደገባ ራስሽ ቁጠሪ።

መሐንዲስ ነኝ፦
ዕቃው ላይ ስትከራከሩ ውሃው በየት ይወጣል የሚለውን ዘለላችሁት። በየሜትሩ ቢያንስ ከ1 እስከ 2 ሳንቲም ወደ ፍሳሹ ያዘንብል። የወለሉና የግድግዳው ማዕዘን ቀጥ ብሎ ከቀረ ሜምብሬኑ እዚያ ይሰበራል፣ በሲሚንቶ ሸርተት ይደረግና ሜምብሬኑ ግድግዳው ላይ 20 ሳንቲም ያህል ይውጣ። የሚያፈስ ጣሪያ ሲታይ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ጠርዙና የፍሳሹ አፍ ላይ ነው።

ሶሌታው ካልደረቀ ደግሞ እርጥበቱ ሜምብሬኑን ከሥር ያሳብጠዋል። ሶሌታው ላይ የፕላስቲክ ላስቲክ ዘርግታችሁ ዙሪያውን በሚጣበቅ ፕላስተር አጣብቃችሁ አሳድሩት፣ ጠዋት ከሥሩ ጠል ካያችሁ ገና ነው። ከደረቀ በኋላ ፕራይመር (ሜምብሬኑ እንዲይዝ መጀመሪያ የሚቀባው) ይቀባል፣ ከዚያ ይለጠፋል። ሲያልቅ ፍሳሹን ድፈኑና 5 ሳንቲም ውሃ አቁሩበት፣ 48 ሰዓት ይቆይ። ከሥር ኮርኒሱ ላይ ነጠብጣብ ካልታየ ያኔ ሴራሚኩን አንጥፉ። የመጨረሻው ክፍያም ከዚያ በኋላ ነው!

ጣና ዳር፦
ተባረኩ። ሮቶውስ? የብረት ማቆሚያ ተበይዶለታል።

መሐንዲስ ነኝ፦
ብረቱን በቀጥታ ሜምብሬኑ ላይ አታቁሚው። 1,000 ሊትር ውሃ 1 ቶን ነው፣ እግሩ ይበሳዋል። ከመለጠፉ በፊት የኮንክሪት መቀመጫ አሠሪለትና ሜምብሬኑ በመቀመጫውም ጎን ወደ ላይ ይውጣ። ሶሌታው ክብደቱን መሸከሙንም ዲዛይን የሠራልሽን ሰው ጠይቂ።