ተምር ስኳር ካልሆነ ምንድን ነው? የምሳ ዕቃው ክርክር

የከዚራ እናት፦ ትናንት እዚህ ድሬዳዋ ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ኮሚቴው ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖና የታሸገ ብስኩት በምሳ ዕቃ እንዳይገባ ሐሳብ አቀረበ። እሱስ ይሁን። ያናደደኝ የጋበዟት ባለሙያ ንግግር ነው። ተምርና ኦቾሎኒ ተወቅጦ የተድቦለቦለ ነገር በሰሃን እያሳየች «ስኳር የለውም፣ ዘይት የለውም፣ ከእንስሳት ተዋጽኦ ፍጹም ነፃ ነው፣ ልጆቻችሁን መመረዝ አቁሙ» አለችን። ሌሊት ተነስተን ሳምቡሳ የምንጠብስ እናቶች መርዝ ቀማሚዎች ሆነን አረፍነው! ለመሆኑ ቀፊራ ገበያ ወርዳ የተምር ዋጋ ጠይቃ ታውቃለች? ቅዳሜ ድምፅ እንሰጣለን፤ ምን ትላላችሁ?

የሳቢያን አባት፦ ንግግሯ ሻካራ ሊሆን ይችላል፣ ነገሩ ግን እውነት ነው። እኔ ራሴ እሠራዋለሁ። ፍሬው የወጣለት ተምር ሁለት ስኒ፣ ተቆልቶ ገለባው የተነሳ ኦቾሎኒ አንድ ስኒ፣ ቁንጥር ጨው፣ ትንሽ ሄል። ተምሩ ከደረቀ ለብ ባለ ውኃ ይዘፈዘፍና በደንብ ይጠንፈፍ፤ ውኃ ከተረፈበት በድሬ ሙቀት ቶሎ ይኮመጥጣል። ኦቾሎኒው በጣም አይድቀቅ፣ ጥርስ ላይ እንዲሰማ ከፈል ከፈል ይደረግ። ከዚያ በእጅ አድቦልቡሎ የተቆላ ሰሊጥ ላይ ማንከባለል ነው። ስኳር ጠብ አይልበትም።

ነርሷ፦ «ስኳር ጠብ አይልበትም»? ወንድሜ፣ 100 ግራም ደረቅ ተምር ውስጥ ከ60 ግራም በላይ ስኳር አለ። ኃይሉም ወደ 280 ካሎሪ ይጠጋል። አትብሉት አላልኩም። ስኳር የለውም አትበሉን ነው ያልኩት።

የሳቢያን አባት፦ የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ያወጣውን መመሪያ አንብቢ። ከዕለት ኃይላችን ከ10 በመቶ በታች ይሁን የሚለው ነፃ ስኳርን ነው፤ ማለትም የተጨመረውን፣ የማርንና የጭማቂን። በሙሉ ፍራፍሬ ውስጥ ያለውን አይቆጥርም።

ነርሷ፦ «ሙሉ ፍራፍሬ» ነው የሚለው። አንተ ደግሞ በሙቀጫ ስትወቅጠው ነው ያየንህ።

የሳቢያን አባት፦ ስወቅጠው ፋይበሩ ተንኖ ሄደ?

ነርሷ፦ አልሄደም። ስኳሩም አልሄደም። ከጥርስ ላይ ደግሞ እንደ ሙጫ ነው የሚጣበቀው። ሳምቡሳ የበላ ልጅ አፉን ተጉመጥምጦ ይገላገላል።

ጋሽ ባቡር፦ ልጆቼ፣ በእኛ ጊዜ በሶ በዘይትና በጨው ታሽቶ፣ በርበሬ ጣል ተደርጎበት ጭብጦ ይሆን ነበር። በኪሳችን ይዘን ቀኑን ሙሉ እንውላለን። ተምር የለ፣ ፍሪጅ የለ፣ ባለሙያ የለ። የጾም መክሰስ ዛሬ የተፈለሰፈ ይመስል ስብሰባ ትጠራላችሁ።

የከዚራ እናት፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ገብሱም ከተምሩ ይረክሳል።

የሳቢያን አባት፦ ጋሽ ባቡር፣ በአክብሮት፣ የስድስት ዓመት ልጅ በርበሬ ያለበት ጭብጦ ይዞ ክፍል ሲገባ ይታየኝ። ሳይነካው ነው የሚመልሰው።

ጀጎል ማዶ፦ ሐረር ሐላዋ እያለ እናንተ ድሬዎች ለአንድ ጉርሻ ጣፋጭ ድምፅ ልትሰጡ ነው?

የከዚራ እናት፦ ሐላዋችሁ ስኳር በስኳር ነው፤ ለዚህ ክርክር አይቀርብም። ደግሞ ገና ያልነገርኳችሁ አለ። «ዘይት የለውም» ያለችው ሴት ያደለችን ወረቀት ላይ ምን ተጽፏል መሰላችሁ? «ሁለት ማንኪያ የኮኮናት ዘይት። አንድ ማንኪያ ማር። ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ።» አሁን ከፊቴ ነው፣ እያየሁ ነው የምጽፈው።

ነርሷ፦ የኮኮናት ዘይት በ24 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ድሬ እኮ ጥላ ሥር ተቀምጠን 24 ዲግሪን የምንናፍቅ ሰዎች ነን! እስከ ዕረፍት ሰዓት ደብተሩን ሁሉ ያርሰዋል። ማሩስ? «ከእንስሳት ተዋጽኦ ፍጹም ነፃ» ብላችሁ ማር ትጨምራላችሁ?

ጋሽ ባቡር፦ ማር የጾም ነው። ማን ከለከለ?

ነርሷ፦ ለጾም አልተከለከለም፣ ጋሼ። ከእንስሳት የሚገኝ ምንም የማይበላ ሰው ግን ማርም አይበላም፤ ከንብ ነው። እሷ ያለችው «ፍጹም» ነው።

ጋሽ ባቡር፦ ንብ እንስሳ ከሆነች እኔም ተማሪ ልሁን።

የሳቢያን አባት፦ እኔ ማርም የኮኮናት ዘይትም አልጨምርም። የሌላ ሰው ወረቀት በእኔ ራስ ላይ አታንብቡ። ተምሩ ራሱ ያያይዘዋል፤ ኦቾሎኒው ዘይት አለው።

ነርሷ፦ ስለ ኦቾሎኒው ካነሳህ አይቀር፣ ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ከባቢሌና ከጉርሱም በተሰበሰበ ኦቾሎኒ ላይ በተደረጉ ጥናቶች አፍላቶክሲን ተገኝቷል። ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው፤ ጉበት ይጎዳል፣ ቆልተነዋል ብለን ጨርሶ አናጠፋውም። በየቀኑ ለሕፃን የሚሰጥ ከሆነ የጠቆረውን፣ የተጨማደደውን፣ ሲቀምሱት የሚመረውን አንድ በአንድ መልቀም ያስፈልጋል። ተወቅጦ የተሸጠ ከሆነማ ምኑን ትለቅማለህ? ለአፀደ ሕፃናት ደግሞ ፍሬው እንዳለ አይሰጥ፣ ያንቃል።

የባቢሌ ለውዝ፦ ይህን ሁሉ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አገር የሚበላውን የባቢሌን ለውዝ መርዝ ማለት ተጀመረ? አባቴ የሸጠው፣ እኔም የምሸጠው ነው። ሐረር፣ ድሬ፣ አዲስ አበባ በልቶት ያደገ ሕዝብ ነው።

ነርሷ፦ ለውዙን አልሰደብኩም፣ ሻጋታውን ነው ያልኩት። እርጥበቱ ሳይወጣ በማዳበሪያ ከታጨቀ፣ ለመፈልፈል እንዲመች ውኃ ከተረጨበት ይሻግታል። አንተ ውኃ ትረጫለህ?

የባቢሌ ለውዝ፦ እኔ አልረጭም!

ጀጎል ማዶ፦ «እኔ» ላይ ጠንከር ብሏል።

የባቢሌ ለውዝ፦ አንተ ሐላዋህን ብላ። ለውዝ እኮ 100 ግራሙ ወደ 26 ግራም ፕሮቲን አለው። ይህን ለምን አልጻፋችሁም?

የከዚራ እናት፦ ወገኖቼ፣ ቅዳሜ ነው ድምፁ። እኔ የምቃወመው ክልከላውን ነው። የምስር ሳምቡሳም የጾም ነው፤ ደግሞ በር ላይ የምትሸጠው ሴትዮ ልጆቿን የምታሳድገው በሱ ነው። እሷን ማን ስብሰባ ጠራት?

የሳቢያን አባት፦ ዘይቱን ስንት ጊዜ እየመላለሰች እንደምትጠብስበትስ ማን ጠየቃት?

የከዚራ እናት፦ ሄደህ ጠይቃታ! ስሟን እንኳ አታውቀውም፤ ልጅህ ግን ያውቀዋል።

የሳቢያን አባት፦ እሺ፣ ቅዳሜ አንድ ሰሃን ሙሉ ሠርቼ እመጣለሁ። ነርሷ ሳትቀምስ አትናገር።

ነርሷ፦ እቀምሳለሁ። ወረቀቱ ላይ ግን «ስኳር ያልተጨመረበት» ተብሎ ይታረም።

የሳቢያን አባት፦ ከመጀመሪያውም ያልኩት ይህንኑ ነው።

ነርሷ፦ አላልክም። ወደ ላይ ውጣና አንብብ።

የሳቢያን አባት፦ «ጠብ አይልበትም» ማለት ምን ማለት ነው ታዲያ?

ጀጎል ማዶ፦ እንደ ገና ተጀመረ።