የ16 ዓመት ልጄ «አልሄድም» ብሏል፤ ከቀበና ወደ የካ አባዶ ልንገባ ነው

ጥያቄ፦ የቀበናዋ እናት

ሰላም እንዴት ናችሁ? ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ቀበና ተከራይተን መኖር ከጀመርን 11 ዓመት ሆነን። ከብዙ ጥበቃ በኋላ የ20/80 ኮንዶሚኒየም የካ አባዶ ደረሰን። ባለ ሁለት መኝታ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ቁልፉን ከተረከብን ቆየን። ግን ሴራሚኩ፣ ቀለሙ፣ የውሃና የመብራቱ ነገር ሲባል ጊዜው ሄደ። አሁን የባንኩን ዕዳና የቤት ኪራዩን አንድ ላይ መክፈል አቃተን። ስለዚህ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ልንገባ ወስነናል።

የጨነቀኝ የትልቁ ልጄ ነገር ነው። 16 ዓመቱ ነው፣ ዘንድሮ 10ኛን ጨርሶ 11ኛ ይገባል። ቀበና ስንመጣ የ5 ዓመት ልጅ ነበር። ጓደኞቹ፣ የኳስ ቡድኑ፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ ሁሉ ነገሩ እዚህ ነው። ልንገባ መሆኑን ስነግረው «እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለና ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። ይኸው ሦስት ሳምንቱ። ለምግብ ካልሆነ አይወጣም። የ8 ዓመቷ እህቱ «ፎቅ ቤት ልንገባ ነው» እያለች ስትፈነድቅ ደግሞ ይብስበታል።

እሱ የሚለው፣ ቀበና እህቴ ቤት ሆኖ እዚያው ትምህርት ቤቱ ይቀጥል ነው። እህቴ ደስ ይላታል። ባለቤቴ ክፍለ ሀገር ነው የሚሠራው፣ በወር አንዴ ነው የሚመጣው። እሱ በስልክ «ልጅ እናቱ እያለች አክስቱ ቤት አይኖርም፣ አለቀ» ብሏል። ሌላው ምርጫ ከአባዶ እየተመላለሰ መማር ነው።

በግድ ብወስደው ይጠላኛል ብዬ እፈራለሁ። ብተወው ደግሞ ከእጄ የሚወጣ ይመስለኛል። በዚህ ያለፋችሁ ምን አደረጋችሁ? በዚያ ላይ በክረምት ዕቃ ማጓጓዙም አስጨንቆኛል።

መልስ፦ ጀሞ የገባች እናት

እህቴ፣ የሠራሁትን ስህተት ልንገርሽና አንቺ አትድገሚው። እኛ ከሽሮ ሜዳ ጀሞ ስንገባ ልጄ 14 ዓመቷ ነበር። ቤቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ዕቃ የጫንን ዕለት ነው። ዝናብ ነበር፣ መብራት ጠፍቷል፣ ግድግዳው ገና ሲሚንቶ ይሸታል። በሩ ላይ ቆማ «ይሄ ነው ቤታችን?» ያለችኝ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ስለዚህ በዚህ ቅዳሜ ይዘሽው ሂጂ። ትንሿን ተያት፣ እናንተ ሁለታችሁ ብቻ። ስለ ቤቱ ጥሩነት አትስበኪው። ታክሲው የሚቆምበትን፣ ሜዳው ያለበትን፣ ልጆች የሚሰበሰቡበትን ራሱ ዞሮ ይየው። ዝም ካለም ዝም ይበል።

ሁለተኛ፣ ክፍል። ባለ ሁለት መኝታ ነው ብለሻል። ባለቤትሽ በወር አንዴ የሚመጣ ከሆነ ትንሿ ካንቺ ጋር ትተኛ፣ አንደኛው መኝታ የእሱ ይሁን። በዚህ ዕድሜ ያለ ወንድ ልጅ ሳሎን ሶፋ ላይ አይተኛም። የሚዘጋ በር ያስፈልገዋል። ቀለሙን ራሱ ይምረጥ። ጥቁር ሰማያዊ ካለሽም እሺ በይው፣ ቀለም ሌላ ጊዜ ይቀባል።

አንድ ነገር ግን አደራ። የወሰንሽውን ነገር እንዳልወሰንሽ አድርገሽ አትጠይቂው። ልጆች ይገባቸዋል። «መግባታችን አይቀርም፣ አቅማችን ይሄ ነው። እንዴት እንደምንገባ ግን አብረን እንወስናለን» በይው። የባንኩን ወረቀትና የኪራዩን ሂሳብ ፊቱ አስቀምጪለት። 16 ዓመት ሂሳብ የሚገባበት ዕድሜ ነው።

መልስ፦ የሁለተኛ ደረጃ መምህር

እኔ ስለ ትምህርቱ ልበል። ልጁ ትምህርት ቤት መቀየሩ ካልቀረ ጊዜው ዘንድሮ ነው። 11ኛ ላይ ተፈጥሮ ሳይንስ ወይም ማኅበራዊ ሳይንስ ይመርጣል፣ ክፍሉም ከብዙ አዲስ ልጆች ጋር ስለሚደባለቅ አዲስ መሆኑ ብዙም አይታወቅበትም። 12ኛ ላይ ግን የብሔራዊ ፈተናው ምዝገባ የሚያልፈው በሚማርበት ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ዓመት መሀል ላይ የሚዛወር ልጅ ከጥናቱ ይልቅ ወረቀት ሲያሯሩጥ አያለሁ። የማይሆን ነገር ነው።

ወረቀቱ ይሄ ነው። ከድሮው ትምህርት ቤት መልቀቂያ፣ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ውጤት በማኅተም፣ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርድ፣ ፎቶ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሆነ የአካባቢው ነዋሪ መሆናችሁን የሚያሳይ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ይጠየቃል። ስለዚህ ከቀበና ወረዳ መሸኛችሁን አውጥታችሁ አዲሱ ወረዳ መመዝገቡን አታዘግዩ። ጳጉሜን አትጠብቂ። ሄደሽ ቦታ ሞልቷል ብትባዪ አማራጭሽ ይጠባል። ርዕሰ መምህሩ ክረምቱን ቢሮ የሚገባባቸውን ቀናት ጠይቂና ልጁን ይዘሽ ሂጂ። ቤተ መጻሕፍቱንና ቤተ ሙከራውን ይየው። ሁለት ትምህርት ቤት አሳይተሽው አንዱን ቢመርጥ ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

አክስቱ ቤት ይሁን የሚለውን እኔ አልደግፍም። ክፍሌ ውስጥ እንደዚያ የሚኖሩ ልጆች አሉኝ። ውጤታቸው ሲወርድ ማንን እንደምጠራ አላውቅም። አክስት ትመጣለች፣ «እናቱ ታውቃለች» ትለኛለች። እናት ትመጣለች፣ «አክስቱን ጠይቁ» ትለኛለች።

መልስ፦ የቱሉ ዲምቱ አባት

መምህር፣ አከብርዎታለሁ፣ ግን በዚህ አልስማማም። እኛ ሞክረነዋል፣ ከምልልሱ ልጄ አያቷ ቤት መሆኗ ተሽሎናል።

ልጄ 10ኛ ክፍል እያለች ነው ቱሉ ዲምቱ የገባነው። ትምህርት ቤቷን አንቀይርም ብለን ወደ መሀል ከተማ ስትመላለስ ግማሽ ዓመት ሞላች። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ትነሳለች። ታክሲ ሰልፍ፣ ከዚያ ሌላ ሰልፍ። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ነው ቤት የምትገባው። እራት ላይ ማንኪያ ይዛ ታንቀላፋለች። በብርድና በጨለማ ፌርማታ ላይ የቆመች ልጅ እያሰብኩ እኔም ሥራ አልሠራም ነበር። ምልልስ የሚባለውን ከሐሳብሽ አውጪው። አባዶም መሀል ከተማ ለመድረስ መገናኛን ማለፍ ነው፣ የጠዋቱን የመገናኛ ሰልፍ ታውቂዋለሽ።

በሁለተኛው መንፈቅ ከሰኞ እስከ ዓርብ አያቷ ጋ ሆነች። የሠራልን ግን በውል ስለያዝነው ነው። የምግቧን ለእናቴ በየወሩ እሰጣለሁ፣ «የልጅ ልጄ ናት» ብላ እምቢ ብትልም። ዓርብ ማታ ቤቷ ትገባለች፣ ፈተና ካልሆነ በቀር ይቅር የለም። ትምህርት ቤት የሚፈርመው እኔ ብቻ ነኝ። ማታ 2 ሰዓት ላይ ደግሞ እደውላለሁ፣ ለቁጥጥር ሳይሆን ለወሬ ነው።

ከዚህ አንዱ ከሚጎድል ባይጀመር ይሻላል። የመምህሩ ስጋት ልክ የሚሆነው ያኔ ነው።

መልስ፦ በ15 ዓመቴ ሰፈር የቀየርኩ

እናቴ፣ እኔ አሁን 20 ዓመቴ ነው። ከካዛንቺስ ወደ ቦሌ አራብሳ ስንገባ የልጅዎ ዕድሜ አካባቢ ነበርኩ። በልጁ በኩል ያለውን ልንገርዎ።

ያበሳጨኝ አዲሱ ቤት አልነበረም። ሰው ሁሉ «ትለምደዋለህ» ይለኝ ነበር። መልመዱን እኔም አውቀዋለሁ። የፈራሁት የድሮውን መርሳት ነው። ጓደኞቼ ማታ የሚቀመጡባት ድንጋይ ላይ እኔ የሌለሁበት ወሬ ይወራል። በማግስቱ ቴሌግራም ላይ ይስቃሉ፣ እኔ ምን እንደሆነ አይገባኝም። ይሄ ለትልቅ ሰው ትንሽ ነገር ነው። ለእኔ ትልቅ ነበር።

ሌላው፣ እናቴ ዘመድ በመጣ ቁጥር እኔ ባለሁበት «እሱማ አኩርፎናል» ትላለች። ከዚያ በኋላ ማኩረፌን ብተው የተሸነፍኩ መሰለኝ። እባክዎ ለማንም እሱ ፊት አያውሩ።

የረዳኝ አባቴ ነው። ምንም ሳይመክረኝ በየቅዳሜው የታክሲ ይሰጠኝ ጀመር። «ሂድ ተጫወት፣ 12 ሰዓት ላይ ና» ብቻ። ለስድስት ወር ያህል ሳልቀር ሄድኩ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀረሁ፣ ከዚያ እነሱ አራብሳ መጡ። ማንም ሳይቆርጥብኝ በራሴ ጊዜ ሆነ።

መልስ፦ የቀበናዋ እናት

የመጨረሻውን መልስ እያለቀስኩ አነበብኩት። እህቴ ስትደውል እኔም እሱ እየሰማ «አኩርፏል» ብያለሁ። ዛሬ ገና ገባኝ።

መምህር፣ አንድ ልጠይቅ። የመረጠው ትምህርት ቤት ሞልቶ ቢገኝ መልቀቂያውን አውጥተን በሁለቱም በኩል ባዶ እንቀራለን?

መልስ፦ የሁለተኛ ደረጃ መምህር

ጥሩ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ አዲሱ ትምህርት ቤት እንደሚቀበላችሁ አረጋግጪ፣ ከተቻለ በጽሑፍ። መልቀቂያውን ከዚያ በኋላ አውጪ። ብዙ ወላጅ ገልብጦ ነው የሚሠራው። አባዶ ሩቅ አገር አይደለችም፣ ለመመላለሱ ሁለት ቀን ብታባክኚ ይሻላል። የቱሉ ዲምቱው ወንድሜም ልክ ነው፣ እንደዚያ በሥርዓት ከተያዘ ሐሳቤን እቀይራለሁ።

መልስ፦ እማማ፣ ከጉለሌ

የኔ ልጅ፣ ስለ ዕቃው ማንም አልመለሰልሽም። እኔ በሕይወቴ ስድስት ቤት ቀይሬአለሁ።

በነሐሴ ከሆነ በማለዳ ጫኚ። ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚበረታው። አይሱዙውን ስትከራዪ ሸራ እንዳለው በዓይንሽ እዪ፣ «አለኝ» ሲልሽ አትመኚ። ፍራሹን በላስቲክ ጠቅልለሽ እሰሪው፣ እርጥብ ፍራሽ በክረምት አይደርቅም። ቡፌውና ቁም ሳጥኑ በኮንዶሚኒየም ደረጃ መዞሪያ ላይ ይያዛል፣ ቀድመሽ በሜትር ለኪና አናጢ ይፍታው። የሚቀድመው ዕቃ መጨረሻ ይጫን። አልጋ፣ ምድጃ፣ የውሃ ጀሪካን። ደርሰሽ መጀመሪያ የምታወርጂው እሱን ነው። የልጆቹን የልደት ወረቀት፣ የትምህርት ካርዳቸውንና የቤቱን ውል መኪና ላይ እንዳትጭኚ፣ በቦርሳሽ ያዢው።

አውራጆች እዚያ ስትደርሺ ከበው ዋጋ ይጠራሉ፣ ሦስተኛ ፎቅ ሲሉ ደግሞ ይጨምራሉ። ከቻልሽ ከዚሁ ሰው ይዘሽ ሂጂ። ማንን ብትዪኝ የልጅሽን ጓደኞች እልሻለሁ። የኳስ ቡድኑን በሙሉ ጥሪያቸው። ይጫኑ፣ አብረው ይሂዱ፣ ያውርዱ። አንቺ ዶሮ ባትችዪ ምስር ወጥ ሠርተሽ ጠብቂያቸው። ልጅሽን አዲሱ ቤት ድረስ ጓደኞቹ ይሸኙት። አዲሱን ሰፈር ብቻውን ያየ ልጅና ከጓደኞቹ ጋር ያየ ልጅ አንድ አይደለም።

የቀበናውን ዕድርሽን ደግሞ እንዳትተዪ። የአባዶውንም ግቢ፣ የዚህኛውንም ክፈዪ። እኔ ከሾላ ከወጣሁ ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ባለቤቴ ሲያርፍ ድንኳን የተከሉት የሾላ ሰዎች ናቸው። ልጅሽም ሲያይሽ ይማራል። እናቴ ሰፈሯን አልጣለችም ይላል።

መልስ፦ የቀበናዋ እናት (ከሁለት ወር በኋላ)

እንደምን ሰነበታችሁ። የሆነውን ሳልነግራችሁ መቅረት አልፈለግሁም።

ሂሳቡን አሳየሁት። ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየና «ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁኝም?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፣ ይቅርታ ጠየቅሁት። ለልጄ ይቅርታ ስጠይቅ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ አባዶ አብረን ሄድን። ሁለት ትምህርት ቤት አየን። አንደኛው ሞልቶ ነበር፣ ሁለተኛው ተቀበለን። መምህር እንዳሉት መልቀቂያውን በኋላ ነው ያወጣነው።

ከአባቱ ጋር ተነጋግረን የተስማማነው እንዲህ ነው። ትምህርቱን አባዶ ይማራል። ዓርብ ማታ ቀበና እህቴ ጋ ይሄዳል፣ ቅዳሜ ኳሱን ይጫወታል፣ እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤቱን ጨርሶ ይመለሳል። እስከ መቼ ብለን ቀን አልቆረጥንም። 12ኛ ሲገባ ጥናቱ እንዳይጎዳ እንደገና እናያለን።

ዕቃ የጫንን ዕለት ዘጠኝ ልጆች መጡ። ቡፌው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ተይዞ ነበር፣ እማማ አልሰማኋትም። በሩን ነቅለው አሳለፉት። ማታ ሁሉም ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው በሉ። ሲሄዱ ልጄ ታክሲ ድረስ ሸኛቸውና ቆይቶ ተመለሰ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። አልጠየቅሁትም።

ክፍሉን ግራጫ ቀብቶታል። አሁንም ብዙ አያወራም፣ ከአዲሱ ትምህርት ቤት የሚያነሳው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ትናንት ግን ውሃ የሚመጣበትን ቀን ጠየቀኝ። ዛሬ ጠዋት ስነሳ በርሜሉ ሞልቷል።