ያልሠራችው ግፍ ዕዳ ይሆንባታል? የታሪኬን መጨረሻ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የሳይንስ ልቦለድ እየጻፍኩ መጨረሻው ላይ ተጣብቄያለሁ።

ታሪኩ ሰዎች በሰፈሩባት ሌላ ፕላኔት ላይ ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ የአየር ጣቢያ መሐንዲስ ናት። አንድ ቀን የቅድመ አያቷን የፈረቃ መዝገብ ታገኛለች፦ «ቫልቩ ተከፈተ። ሁሉም ሰላም።» ያ ቫልቭ ሲከፈት አየሩ ለሰው ተስማማ፤ ነባሮቹ ፍጡራን ግን ታፍነው አለቁ። ጥቂቶች ብቻ ከመሬት በታች ተርፈዋል። እሷ ያኔ አልተወለደችም። ግን ዛሬም የምትተነፍሰው ያንኑ አየር ነው።

ጥፋት በደም ይወረሳል ብዬ አላምንም። «እኔ ምን አገባኝ» ብላ እንድትሄድም አልፈልግም። ይቅርታ ብትጠይቅስ? በማን ስም?

ከእውነተኛው ዓለም ለመማር የጀርመን ቅኝ ግዛት የነበረችውን የአፍሪካ አገር ናሚቢያን አየሁ። ጀርመን ከ1904 እስከ 1908 በሄሬሮና በናማ ሕዝቦች ላይ የፈጸመችውን እልቂት በ2021 (በፈረንጆቹ) ዘር ማጥፋት ነው ብላ አመነች። በ30 ዓመት የሚከፈል 1.1 ቢሊዮን ዩሮም ቃል ገባች። ብዙ የተጎጂ ዘሮች ግን አልተቀበሉትም። በድርድሩ በቀጥታ አልተወከልንም፣ ገንዘቡም ካሳ አልተባለም አሉ። ይሄ ውስጤን ነካው። ስለዚህ የተረፉት ፍጡራን ራሳቸው ይናገሩ ብዬ ወሰንኩ።

ግን ምን ይጠይቁ? አየሩ ወደ ድሮው ከተመለሰ የሰፋሪዎቹ ልጆች ያልቃሉ። ካልተመለሰ ፍጡራኑ ከጉድጓድ አይወጡም። እናንተ በነሱ ቦታ ብትሆኑ ከዚህች መሐንዲስ ምን ትጠብቃላችሁ? እባካችሁ ሐሳባችሁን ጻፉልኝ።