«ዓለምፀሐይ» በስንት መልክ ይጻፋል?

የመወያያው ጥያቄ፦ በስልክና በኮምፒውተር በምንጽፍበት ዘመን «ሥራ»ም «ስራ»ም ያው ነው? ወይስ ትክክለኛው አጻጻፍ ዛሬም ዋጋ አለው?

መምህሩ፦ አለው እንጂ! «ሠረቀ» በንጉሡ ሠ ሲጻፍ በግእዝ ወጣ ማለት ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ይባላል። በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ሌብነት ነው። «ሥዕል» የመጣው ከ«ሠዐለ» ነው፤ «ስእለት» ደግሞ «ሰአለ»፣ ለመነ ከሚለው። ፊደሉን ያደባለቀ የቃሉን ሥር ቆረጠ።

ተማሪው፦ መምህር፣ ለግእዝ እውነትዎን ነው። አማርኛ ግን እነዚህን ድምጾች አንድ አድርጓቸዋል፤ ጆሮ የማይለየውን እጅ ለምን ይለያል? ትርጉሙ ከአረፍተ ነገሩ ይገኛል። «ገና» ስንል በአሉ ይጠብቃል፣ «ገና አልመጣም» ይላላል፤ ጽሁፉ ግን አንድ ነው፤ ማንም አይቸገርም። ይህን ሁሉ በአንድ ሀ፣ በአንድ ሰ፣ በአንድ ጸ፣ በአንድ አ ጻፍኩት። ያልገባችሁ ቃል አለ?

የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ፦ ለእኔ ገብቶኛል ወንድሜ፤ ለኮምፒውተሩ ግን አይገባውም። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒውተሮች የጋራ የፊደል ቁጥር ሰንጠረዥ ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጠው። ለማሽኑ ሀ እና ሐ የለ እና የመ ያህል ይራራቃሉ። እስቲ «ፀሐይ»ን ቁጠሩ፦ መነሻው በሁለት ፊደል ይጻፋል፣ መካከሉ በስድስት (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ)። 12 አጻጻፍ ማለት ነው። የ«ዓለም» መነሻ በአራት ፊደል ይጻፋል (አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ)። ስለዚህ ዓለምፀሐይ የተባለች ሴት ስሟ 48 መልክ ሊኖረው ይችላል! በምሠራበት ቤት አንዲት እናት ፋይልሽ ጠፍቷል ተብለው ከገጠር ሁለት ጊዜ ተመላልሰዋል። ፋይሉ የትም አልሄደም። በ«ጸ» ተመዝግቦ እኛ በ«ፀ» ስንፈልገው ነበር። እኚያ እናት ሁለተኛ ሲመጡ እግራቸው አብጦ ነበር፤ እስከ ዛሬ አልረሳውም። የትኛው ፊደል ይመረጥ የሚለው ለእኔ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። አንዱን እንምረጥና ሁላችንም በእርሱ እንጻፍ።

ፕሮግራም ሠሪው፦ ይኼ ቀላል ነው። ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደሎች ወደ አንድ መመለስ ነው፤ ጥቂት መስመር ይበቃዋል።

ሠራተኛዋ፦ ለፍለጋው ይጠቅማል፣ እስማማለሁ። መታወቂያቸውና የባንክ ደብተራቸው ሲለያይስ? ገንዘብ ከፋዩ የሚያየው ወረቀቱን ነው።

ከመቀሌ የመጣው ተሳታፊ፦ አደራችሁን፣ «ትርፍ ፊደል» አትበሉ። በትግርኛ ሐ እና ዐ ከጉሮሮ የሚወጣ የራሳቸው ድምፅ አላቸው። «ሓጎስ»ን «ሀጎስ» ብሎ የሚመልስ ፕሮግራም የሰው ስም አበላሽቷል። ለፍለጋ አንድ አድርጉት፤ የተመዘገበውን ግን አትንኩብን።

መምህሩ፦ የእኚያ እናት ነገር አሳዘነኝ። እኔ ስለ ቃል ሥር ስከራከር የተማሪዎቼን ስም አጻጻፍ አስተውዬ አላውቅም። ነገ የልደት ምስክር ወረቀታቸውን ይዘው እንዲመጡ እነግራቸዋለሁ፤ እያንዳንዱ ስሙን እዚያ እንዳለው ፊደል በፊደል ይጽፋል። «ሥዕል»ን በእሳቱ ሰ የጻፈውን ግን አሁንም አርማለሁ።

ተማሪው፦ ስሙን እቀበላለሁ መምህር። በ«ስእል» አልተስማማንም።