የጀርመን ተማሪ ቪዛ፦ ብሎክድ አካውንት ይሻላል ወይስ የአጎቴ ዋስትና? ስሜም ሁለት አይነት ሆኖብኛል

የገንደ ቆሬው ልጅ (ጠያቂ)
እንዴት ናችሁ የድሬ ልጆች፣ ሐረሮችም ካላችሁ። ከሀሮማያ በፕላንት ሳይንስ ተመርቄ ስራ ላይ ቆይቼ አሁን ጀርመን ሆኸንሃይም ዩኒቨርስቲ ለማስተርስ አድሚሽን መጣልኝ አልሀምዱሊላህ፣ በእንግሊዝኛ ነው፣ ኦክቶበር ላይ ይጀምራል። ደስታውን ሳልጨርስ ቪዛው ወጥሮ ያዘኝ።

አንደኛ ብሎክድ አካውንት የሚሉት ነገር (የአመት የኑሮ ብር ቀድመህ የምታስገባበት ዝግ አካውንት) 11,904 ዩሮ ነው፣ አባቴ ቀፊራ ሱቅ አለው ግን ብሩ ሁሉ እቃ ላይ ነው ባንክ ውስጥ አያድርም። ሽቱትጋርት የእናቴ ወንድም አለ ፋብሪካ ነው የሚሰራው እሱ ዋስ ቢሆነኝ ይቻላል የሚል ሰማሁ። ሁለተኛ ፓስፖርቴ ላይ አብዱልአዚዝ ተያይዞ ነው የተጻፈው ዲግሪዬ ላይ ደግሞ አብዱል ለብቻው አዚዝ ለብቻው፣ የልደት ሰርተፍኬቴማ ጥቅምት 3 1993 የሚለውን ወደ ፈረንጅ ሲገለብጡት 2001 ብለውት ቁጭ፣ ፓስፖርቴ 2000 ነው የሚለው። ሦስተኛ አንድ ኤጀንት ነኝ ባይ «ብሩን እኔ አሳይልሃለሁ ቀጠሮውንም አወጣልሃለሁ» ብሎ ኮሚሽን ጠይቆኛል። አዲስ አበባ ተመላልሼ ኪሴ ሳይራቆት ምከሩኝ።

ሙና ከከዚራ
አቦ መጀመሪያ ሰውየውን ተወው። የኤምባሲ ቀጠሮ በነጻ ነው፣ የሚሸጥልህ ሰው የነጻውን ነገር ነው የሚሸጥልህ። አሁንማ የጀርመን ኤምባሲዎች ከ2025 ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ቪዛ ማመልከቻውን በኦንላይን በኮንሱላር ሰርቪስ ፖርታል ነው የሚቀበሉት፣ ራስህ ቤትህ ቁጭ ብለህ ሞልተህ ዶክመንቱን አፕሎድ ታደርጋለህ ከዛ ለአሻራና ለኦሪጅናል ወረቀት ብቻ በአካል ትሄዳለህ። የቪዛው ክፍያ 75 ዩሮ ነው በብር ተመንዝሮ ትከፍላለህ። ደላላው ምኑን ነው የሚያወጣልህ?

«አሳይልሃለሁ» ያለው ደግሞ ለብሎክድ አካውንት ትርጉም የለውም። አካውንቱ በአንተ ስም ነው የሚከፈተው፣ ብሩ ከገባ በኋላ አንተም ራስህ አትነካውም፣ ጀርመን ገብተህ ስትመዘገብ በየወሩ 992 ዩሮ ይለቅልሃል። ሌላ አገር ላይ በባንክ ስቴትመንት ለሁለት ሳምንት ብር አበድሮ ማሳየት የለመዱ ሰዎች ናቸው እዚህም የሚያወሩት። የሰራልህ ወረቀት ፎርጅድ ከሆነ ዲናይ ብቻ አይደለም ስምህ ላይ ይቀመጣል።

የድሬ ልጅ ከፍራንክፈርት
የአጎትህ መንገድ ህጋዊ ነው ብዙ የኛ ልጆችም በሱ ነው የመጡት። የዋስትናው ወረቀት ፈርፍሊሽቱንግስኤርክሌሩንግ ይባላል፣ ለመጥራት ምሳ በልተህ ነው። አጎትህ የሚኖርበት ከተማ የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄዶ ቀጠሮ ይይዛል፣ የደሞዝ ወረቀት (የመጨረሻዎቹን ወራት)፣ የቤት ኪራይ ውል፣ መታወቂያውን ወይ የመኖሪያ ፈቃዱን ይዞ ይቀርባል፣ 29 ዩሮ ይከፍላል። እነሱ ደሞዙን ከቤተሰቡ ብዛት ጋር አስልተው ለአንተ የሚተርፍ አለው የለውም ይወስናሉ፣ ሚስትና አራት ልጅ ካለው በአንድ ደሞዝ ላያልፍ ይችላል ይሄን አስቀድሞ ይጠይቅ።

ሁለት ነገር ልብ በል። አንደኛ ወረቀቱ ላይ ለትምህርት መሆኑ መጻፍ አለበት፣ ለጉብኝት የሚሞላው ሌላ ነው፣ አጎትህ ቢሮው ሄዶ «የእህቴ ልጅ ሊመጣ ነው» ብሎ ብቻ ካስሞላ የ90 ቀን የጉብኝቱን ሰጥተው ይልኩታል ለቪዛህ ደግሞ አይሰራም። ሁለተኛ ይሄ ፊርማ ቀልድ አይደለም፣ አንተ እዚህ መንግስት ለኑሮህ ካወጣ ከአጎትህ ነው የሚጠየቀው፣ ከገባህበት ቀን ጀምሮ ለ5 አመት ይጸናል። ስለዚህ አጎትህ ምን እየፈረመ እንደሆነ ንገረው፣ «ወረቀት ብቻ ናት» ብለህ አታስፈርመው።

ሌላ ደግሞ ማንም ያልነገረህ ነገር፣ ሆኸንሃይም ያለው ባደን ቩርተምበርግ ነው፣ አብዛኛው ጀርመን የመንግስት ዩኒቨርስቲ የትምህርት ክፍያ የለውም እዛ ክልል ግን ከአውሮፓ ህብረት ውጭ ያለ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይከፍላል። ከኑሮው ብር ለብቻው ነው። ከዚህ ውጭ የጤና ኢንሹራንስም በየወሩ ከ100 ዩሮ በላይ ይሄድብሃል። አጎትህ ጋ የምታድር ከሆነ የቤት ኪራዩ ይቀርልሃል ትልቁ ወጪ እሱ ነው።

ሳቢያን ቴክ
ችግር የለም ተማሪ መስራት ይችላል፣ በአመት 140 ሙሉ ቀን ተፈቅዷል እኮ። እዛ ሄዶ ይሸፍነዋል

የድሬ ልጅ ከፍራንክፈርት
@ሳቢያን ቴክ 140 መሆኑ ልክ ነው ከ2024 ጀምሮ፣ በፊት 120 ነበር። ግን ለቪዛ «ሰርቼ እከፍላለሁ» የሚል ወረቀት ማስረጃ አይሆንም፣ ኢንተርቪው ላይ እንዲህ ካልክ እንደውም ለስራ ነው የምትመጣው ይሉሃል። ለአመቱ የሚበቃው ብር ከመሄድህ በፊት መታየት አለበት።

ባንክ ቤት ነኝ
በብሎክድ አካውንት ከሄድክ ልጨምርልህ። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዋጋውን ባንኮች ራሳቸው ነው የሚያወጡት ስለዚህ ከባንክ ባንክ ይለያያል፣ አንድ ባንክ ብቻ ጠይቀህ አትመለስ። ለትምህርት የውጭ ምንዛሪ የሚጠየቀው በአድሚሽን ሌተር፣ በፓስፖርት እና አካውንቱን ከከፈተልህ ድርጅት በሚመጣው ማረጋገጫ ነው። ከመንገድ ላይ ዩሮ ገዝተህ በሰው እጅ መላክ የሚመክርህን አትስማ፣ ብሩ የት እንደመጣ ሲጠየቅ ወረቀት የለህም። ቪዛ ቢከለከል ብሎክድ የገባው ብር የክልከላ ደብዳቤውን ልከህ ይመለስልሃል፣ ግን ጊዜ ይወስዳል።

ጁገል 5 በር (ከሐረር)
ስለ ስሙና ቀኑ እኔ ልመልስ፣ ሰው ሁሉ ብር ብር ሲል የሚረሳው ይሄ ነው፣ ቆንስሉ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርግቶ ነው የሚያየው።

ቀኑን በተመለከተ ፓስፖርትህ ትክክል ነው ወሳኝ ኩነት ላይ ነው የተሳሳቱት። ከመስከረም እስከ ታህሳስ 22 አካባቢ (የፈረንጅ አዲስ አመት እስኪገባ) በእኛ አመት ላይ የሚደመረው 7 ነው ከዛ በኋላ 8፣ እነሱ ደፍነው 8 ደምረውብሃል። ጥቅምት 3 1993 ማለት ኦክቶበር 13 2000 ነው። ፓስፖርቱን ለማስተካከል እንዳትሄድ! ወሳኝ ኩነት ሄደህ ማመልከቻ ጽፈህ ፓስፖርትህን ኮፒ አያይዘህ ሰርተፍኬቱን አስተካክሉልኝ በል፣ ቀኑ በአማርኛ ተጽፎ ስላለ ክርክር የለውም ስሌት ነው።

ስሙ ላይ መጀመሪያ አድሚሽን ሌተሩን አውጣና እይ፣ በየትኛው ነው የጻፉህ? በፓስፖርቱ ከሆነ ግማሹ አልቋል። በዲግሪው ከሆነ ለዩኒቨርስቲው ኢሜል ጽፈህ በፓስፖርቱ እንዲያደርጉልህ ጠይቅ፣ ፓስፖርቱን ስካን አድርገህ አያይዝ። ከዛ ሀሮማያ ሬጂስትራር ሂድ፣ «በዲግሪው ላይ ያለውና በፓስፖርቱ ላይ ያለው አንድ ሰው ነው» የሚል ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ማህተም አድርገውበት ይስጡህ፣ እዛው እያለህ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱን የሚገልጸውን ደብዳቤም አብረህ ውሰድ ሁለት ጊዜ አትመላለስ። ከድሬ ዳገቱን ወጥተህ ግማሽ ቀን የማይሞላ ጉዳይ ነው ሰው ካገኘህ።

እና ማስተካከሉ ሳያልቅ ውጭ ጉዳይ ሄደህ ማህተም አታስመታ፣ ስህተት ያለበት ወረቀት ጀርባ ላይ ማህተም አስመትተህ ስታስተካክል እንደ አዲስ ነው።

ሰላም ለገሃሬ
ቢከለክሉትም አፒል ይላል፣ ደብዳቤ ጽፎ በአንድ ወር ውስጥ ካስገባ እንደገና ያዩታል የኔ ጓደኛ በዚህ ነው የሄደችው

የድሬ ልጅ ከፍራንክፈርት
@ሰላም ያ ድሮ ነው፣ ሬሞንስትራሲዮን የሚሉት ከጁላይ 1 2025 ጀምሮ በሁሉም ኤምባሲ ቀርቷል። አሁን የተከለከለ ሰው ወይ እንደገና አዲስ ያመለክታል ወይ በርሊን ፍርድ ቤት ይከሳል። ፍርድ ቤቱ ደግሞ ገንዘብም ጊዜም ነው። ስለዚህ ወንድሜ አንዴ ስታስገባ አጥብቀህ አስገባ።

ሙና ከከዚራ
ቀጠሮው ሲመጣልህ ሰዓቱን በፈረንጅ ነው የሚጽፉት 9:00 ካለህ ጠዋት 3 ሰዓት ማለት ነው። የአክስቴ ልጅ 9 ሰዓት መስሏት ምሳዋን በልታ ተኩነስንሳ ሄዳ በሩ ተዘግቶ ጠበቃት። ኤምባሲው ቀበና ነው፣ በባቡር እሄዳለሁ ካልክ ፉሪ ለቡ ነው የሚያወርድህ ከዛ ቀበና ከተማውን አቋርጠህ ነው፣ ቢያንስ አንድ ቀን ቀድመህ እደር።

ጡረተኛው ባቡረኛ
ልጄ እኔ ስለ ቪዛው አላውቅም ስለ አጎትህ ግን ልናገር። በስልክ አንተ እንዳትጠይቀው። እናትህ ትደውል፣ ወንድሟ ነው። አምስት አመት የሚያስጠይቅ ፊርማ በወጣት አፍ በዋትሳፕ ድምጽ አይጠየቅም። አባትህም ሱቁ ውስጥ ካለው ቆርጦ ቢያንስ የመጀመሪያውን የትምህርት ክፍያ እችላለሁ ይበል፣ ሰውየው ብቻውን እንዳልተሸከመ ይወቅ።

የገንደ ቆሬው ልጅ (ጠያቂ)
ሁላችሁንም ጀዛከላህ ኸይር። ጋሼ ያሉኝን ለእማዬ አንብቤላት ሳቀች ግን ማታውኑ ደወለች። አጎቴ አንድ ልጅ ነው ያለው ሚስቱም ትሰራለች፣ ቢሮው ይሰጠኛል ብሎ ቀጠሮ እይዛለሁ አለ፣ ለትምህርት የሚለውን አስረግጬ ነግሬዋለሁ። የ1,500 ነገር ግን አስደነገጠኝ አባቴ የመጀመሪያውን ሴሚስተር እችላለሁ ብሏል። አድሚሽኑ የተጻፈው በዲግሪው ነው፣ ተነጣጥሎ ነው ያለው፣ ዛሬ ኢሜል ልኬላቸዋለሁ። አንድ ጥያቄ፣ አጎቴ የሚያወጣው ወረቀት በዋትሳፕ ፎቶ ቢልክልኝና ፕሪንት ባደርገው ይሆናል ወይ?

የድሬ ልጅ ከፍራንክፈርት
ፖርታሉ ላይ ለመጫን ስካኑ ይሆናል፣ በአካል ስትቀርብ ግን ኦሪጅናሉን ነው የሚፈልጉት፣ የራሱ ልዩ ወረቀት ነው ፎቶ ኮፒ ከሩቅ ይታወቃል። በዲኤችኤል ይላክልህ ወይ የሚመጣ ሰው ካለ በእጁ፣ ከደሞዝ ወረቀቱ ኮፒ ጋር። ወረቀቱ ከወጣበት ቀን ብዙ ከቆየ አይቀበሉትም ስለዚህ አጎትህ ቀጠሮውን የሚይዘው አንተ ስሙንና ልደቱን አስተካክለህ ልትጨርስ ስትል ይሁን እንጂ ከአሁኑ አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ አያስቀምጠው።