ክርክር፦ የራሳችን ወንጌላዊ ደመወዝ ሳይደርሰው ሚሲዮናዊ ወደ ውጭ እንላክ?

የመወያያ ሐሳቡን ያነሣው ወንድም፦

በአጥቢያችን ሽማግሌዎች ፊት አንድ ሐሳብ ቀርቧል። ከወር ገቢያችን ከአሥር እጅ አንዱ ከአገር ውጭ ለሚደረግ የወንጌል ሥራ ይመደብ የሚል ነው። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ምእመናን ይነጋገሩበታል። እኔ እቃወመዋለሁ። ባለፈው ጥር ከምንረዳቸው የስብከት ጣቢያዎች ወደ አንዱ ሄጄ ነበር። ወንጌላዊው መደቡን ለእኔ ለቆ እሱ መሬት ላይ አደረ። ማለዳ ስነሣ ከደጅ ተቀምጦ ከስሩ የተላቀቀውን ጫማውን በሽቦ ሲያስር አገኘሁት። በዚያ ጫማ ከሁለት ሰዓት በላይ በእግሩ ተጉዞ ሌላው ጸሎት ቤት ይደርሳል። የሦስት ወር ደመወዙ አልተከፈለውም ነበር። ስንጫወት አንድም ጊዜ አላነሣውም፤ የነገረችኝ ባለቤቱ ናት። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ይህን ሰው ረስተን ባሕር ማዶ ስለሚላክ ሰው ልንዘምር አንችልም።

የአጥቢያዋ ገንዘብ ያዥ፦

ወንድሜ፣ ስለ ጫማው ስታነሣ አፍሬያለሁ። እውነቱን ግን ሁሉም ይስማ። ያ ደመወዝ የዘገየው ገንዘብ ጠፍቶ አይደለም። ቼክ ላይ ከሚፈርሙት ሁለት ሰዎች አንዱ ለሕክምና ሄደው በምትካቸው ሌላ አልተወከለም ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ገንዘቡ ባንክ ተቀምጦ ነበር። ስለዚህ ወንጌላዊውን የጎዳው የእኛ ግዴለሽነት ነው እንጂ የውጭው ሚሲዮን አይደለም። የውጭውን በጀት ብንሰርዘው እንኳ ያ ቼክ አይፈረምም ነበር።

ሌላም ልጨምር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ከ100 ብር በላይ ገባ። በጎረቤት አገር የምታገለግለው እህታችን በብር የመደብንላት ድጋፍ በእጇ ሲደርስ ግማሽ ያህሉ ቀረ። ቃል የገባንላትን አላጎደልንም፤ ልጆቿ ግን ጎደለባቸው። ሰው ወደ ውጭ የሚልክ አጥቢያ ይህን ዓይነት ቀን አስቀድሞ ማሰብ አለበት። እኛ አላሰብንም።

ከወላይታ ሶዶ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፦

ልጆቼ፣ እኔ ያደግሁበት አገር ታሪክ ለዚህ ክርክር ስለሚጠቅም ዘለግ አድርጌ ልጻፍ።

የሱዳን የውስጥ ሚሲዮን የተባለው የውጭ ወንጌላውያን ድርጅት ሰዎች በጣሊያን ወረራ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1937 ከሶዶ ሲወጡ በወላይታ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። ሚሲዮናውያኑ ለቅሷቸውን እያለቀሱ ነው የሄዱት፤ ሥራው ያበቃ መስሏቸው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች ጠበቋቸው። በእነዚያ ዓመታት ከውጭ የመጣ ደመወዝ የለም፤ የውጭ አስተዳዳሪ የለም። እስር ነበር፣ ግርፋት ነበር። ዋንዳሮ ዳባሮን የመሰሉ ሰዎች ታስረው ሲገረፉ ምእመናን ስንቅ ይዘው ወደ እስር ቤቱ ይመላለሱ ነበር። የሚያመጡት ምግብ ለእምነት ወንድሞቻቸው ብቻ ሳይሆን ጠያቂ ለሌለው እስረኛም ይተርፍ ነበር። ብዙዎችን ያሸነፈው ያ እንጀራ ነው።

ይህን ታሪክ የሚጠቅስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ አያስፈልግም ለማለት ይጠቅሰዋል። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። እነዚያ ሰዎች ቤታቸው ሳይሞላ ሌላውን ላኩ። ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ዳውሮ፣ ወደ ሲዳማ ወጡ። ዛሬ በአውቶቡስ የምንሄድበትን መንገድ ስታዩ ይህ ቀላል ሊመስላችሁ ይችላል። ለወላይታ ሰው ግን ሲዳምኛ ባዕድ ቋንቋ ነው፤ ልማዱም ሌላ ነው። ያን ጊዜ ድንበር መሻገር ማለት ያ ነበር። የላኳቸውም ገና ትናንት የተተከሉ፣ ጣሪያቸው ሣር የሆነ አጥቢያዎች ናቸው። «መጀመሪያ እንጠንክር፣ ከዚያ እንልካለን» ቢሉ ኖሮ ዛሬ በደቡብ የምናየው አይኖርም ነበር።

ስለዚህ ልጄ፣ የጫማው ነገር እኔንም አሳዝኖኛል፤ ክርክርህን ግን አልቀበለውም። ለቅርቡ የሚራራ ልብ ነው ለሩቁም የሚራራው።

የነገረ መለኮት ተማሪ፦

መምህር ያሉትን አከብራለሁ። ግን የገንዘብ ጥያቄው በደግነት ብቻ አይፈታም። እ.ኤ.አ. በ1971 ኬንያዊው የፕሬስቢቴሪያን አገልጋይ ጆን ጋቱ ከምዕራብ ወደ አፍሪካ የሚመጣው ሚሲዮናዊም ገንዘቡም ለጊዜው ይቁም ብለው ተነሡ። በ1974 በሉሳካ የተሰበሰበው የመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤም ሐሳቡን ደገፈ። ያሉት በጥላቻ አልነበረም። እጁ ሁልጊዜ ለመቀበል የተዘረጋ ሰው በሁለት እግሩ መቆም ስለሚያቅተው ነው።

የእኛው ቄስ ጉዲና ቱምሳ፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ለውጭ ረጂዎች በተላከው ደብዳቤ ሌላውን ጎን አሳይተዋል። ረጂዎቹ ለትምህርት ቤትና ለክሊኒክ ገንዘብ ሲሰጡ ለስብከትና ለአጥቢያ አገልግሎት ግን እጃቸው ያጥር ነበር። ደብዳቤው ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ አይከፈልም፣ እናንተ በምትፈልጉት ብቻ አታገልግሉን የሚል ነው። ይህን ስታነቡ የምንከራከረው ስለ አሥር በመቶ ብቻ እንዳልሆነ ይገባችኋል። ገንዘብ የሚሰጥ ሁሉ ሳያውቀው የሌላውን ቤት ዕቅድ ያወጣል። ትናንት ተቀባዮች ሆነን ያማረርንበትን ዛሬ ላኪዎች ስንሆን በሌላው ላይ እንዳንደግመው እፈራለሁ።

ከሜሪላንድ አንዲት እህት፦

ፍርሃትህ ትክክል ነው፤ እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከዚህ ሆነን የአጭር ጊዜ ተልእኮ ብለን በቡድን ወደ አንድ የአፍሪካ አገር ሄድን። ሁለት ሳምንት ቆየን። ከሥራችን አንዱ የአንድ ትምህርት ቤት ግድግዳ መቀባት ነበር። ቀለሙን ስንለቀልቅ የሰፈሩ ቀለም ቀቢዎች ከአጥሩ ወዲያ ቆመው ያዩናል። ሥራ ፈትተው ነበር። ከመካከላቸው አንዱ መጥቶ ብሩሹን ከእጄ ተቀበለና እንዴት እንደሚያዝ አሳየኝ። ያን ቀን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የአውሮፕላን ትኬታችን ዋጋ ብቻ ያንን ሰው ለረጅም ጊዜ በሥራ ያቆየው ነበር። ወደ ሜሪላንድ ስመለስ ለሽማግሌዎቻችን ተናገርሁ፤ ከፊሉ ተቀየመኝ። ሄዶ ማየት ጥቅም የለውም አልልም፤ ልብ ይለውጣል። ግን የእኛ ልብ የተለወጠበትን ወጪ «ለሚሲዮን የተሰጠ» ብለን መመዝገብ የለብንም።

በዚህ ቡድን ያለ ኦርቶዶክሳዊ ዲያቆን፦

ብዙዎቻችሁ ከእኔ በእምነት ብትለዩም ጉዳዩ የጋራችን ስለሆነ ጥቂት ልበል። ይህች አገር ራሷ የተልእኮ ፍሬ ናት። ከሣቴ ብርሃን አባ ሰላማን ጵጵስና ሾሞ የላከልን የእስክንድርያው ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። ዘጠኙ ቅዱሳን ከውጭ መጥተው ግእዝ ተማሩ፣ መጻሕፍት ተረጎሙ፣ ገዳም መሠረቱ፣ ወደ አገራቸው ሳይመለሱም እዚሁ ቀሩ። ማንም «የውጭ ሰዎች» አይላቸውም። በሌላው በኩል ደግሞ ከ1,600 ዓመት በላይ ጳጳሳችን ከግብፅ ሲላክልን ኖሯል፤ ብዙዎቹ የሕዝቡን ቋንቋ ሳያውቁ አልፈዋል። በራሳችን ልጅ፣ በአቡነ ባስልዮስ፣ ፓትርያርክ ያገኘነው በ1951 ዓ.ም. ነው። መላክ በረከት የሚሆነውም እስራት የሚሆነውም በአንድ አገር ታሪክ ውስጥ ይኸው።

አንድ ነገር ግን በፍቅር ልንገራችሁ። እኛም ልከናል፤ አቡነ ይስሐቅ በጃማይካና በካሪቢያን ያገለገሉትን ታውቃላችሁ። የእናንተ ገንዘብ ወንጌል ወዳልሰማ ሲሄድ ደስ ይለኛል። አስቀድሞ የተጠመቀውን ጎረቤቴን ከአጥቢያው ለማውጣት ሲውል ግን ያመኛል። የ1936 ዓ.ም. ድንጋጌ ለሚሲዮኖች ክፍት የሆነውን አካባቢና ኦርቶዶክሳውያን የሚበዙበትን ዝግ አካባቢ ለይቶ የነበረው ይህ ቁስል አዲስ ስላልሆነ ነው። በጀቱን ስትወስኑ ይህንንም አስቡት።

ከቤሩት የተመለሰች እህት፦

ሁላችሁም ስለ መላክ ታወራላችሁ። እኔ ማንም ሳይልከኝ ስድስት ዓመት ቤሩት ኖሬያለሁ። የሄድሁት ሰው ቤት ልሠራ ነው። እሑድ ዕረፍት የሚሰጣቸው ጥቂቶች ነበርን፤ በአንዲት ኪራይ ክፍል ውስጥ እንሰበሰባለን። ወንበር ስላልነበረ ፍራሽ ላይ ነው የምንቀመጠው። መስኮቱን ዘግተን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንዘምራለን፤ ባለቤትየው እንዳያባርረን። ዕረፍት የሌላቸው ሴቶች በስልክ ይገቡና ወጥ ቤት ሆነው ዕቃ እያጠቡ ያዳምጣሉ፤ የውኃው ድምፅ ይሰማናል። የአሠሪዬ እናት ታማ ስትተኛ ያስታመምኋት እኔ ነኝ። በመጨረሻ ላይ «የምትጸልይውን ጸልይልኝ» አለችኝ። አረብኛዬ የኩሽና አረብኛ ነበር፤ በእሱው ጸለይሁ።

በ2020 የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ አሠሪዎች እህቶቻችንን ከነሻንጣቸው ጎዳና ላይ ጣሏቸው። ሩዝና ዘይት ገዝተን ያበላናቸው እኛው፣ ከዚያችው ክፍል ነን። ከአገር ቤት አንድም አጥቢያ «ምን ጎደላችሁ» ብሎ አልደወለልንም። ቤተ ክርስቲያን ከእኔ አስራት ስትቀበል ግን ኖራለች፤ ከደመወዜ በየወሩ እልክ ነበር። ወንድሜ ጠያቂው፣ ሚሲዮናውያኖቻችሁ ቀድመው ሄደዋል። ከየአጥቢያው የወጣች ሴት ልጅ በቤሩት፣ በሪያድ፣ በዱባይ አለች። አስቀድማችሁ ቋንቋ አስተምሯት፣ ስሟን በመዝገብ ያዙ፣ ስትታመም የሚደርስላት አዘጋጁ። ይህም የውጭ ሚሲዮን ነው።

የመወያያ ሐሳቡን ያነሣው ወንድም፦

እህቴ፣ መልስ የለኝም። ከእኛ አጥቢያ ስንት ሴቶች ዓረብ አገር እንዳሉ ዛሬ የጸሎት ክፍሉን ጠየቅሁ፤ የተመዘገበ ነገር የለም። ለመዘምራን ልብስ ያወጣነው ግን በሰነድ አለ። ተቃውሞዬን ሙሉ በሙሉ አላነሣም፤ የጉዲና ቱምሳ ጥያቄ ገና አልተመለሰም። በማናውቀው አገር፣ በማንጠይቀው ሰው ላይ ገንዘብ መበተንን እቃወማለሁ።

የአጥቢያዋ ገንዘብ ያዥ፦

እንግዲያውስ ለእሑድ ሐሳቡን እንዲህ አስተካክዬ ላቅርበው። የስብከት ጣቢያ ደመወዝ ሳይከፈል ለውጭ የሚወጣ ገንዘብ አይኖርም፤ ሦስተኛ ፈራሚም ይወከላል። ከውጭው ድርሻ ግማሹ በዓረብ አገሮች ላሉ የራሳችን ልጆች ይዋል። የሚላከው ሰው የሚሄድበትን ሕዝብ ቋንቋ የሚማርበት ጊዜ ይመደብለት፤ ድጋፉም ከምንዛሪው ጋር በየስድስት ወሩ ይታይ። እዚያ ያለችው አጥቢያ እኛን ሳትጠብቅ እንድትቆም ደግሞ ድጋፉ በሦስት ዓመት ይብቃ።

ከቤሩት የተመለሰች እህት፦

በሦስት ዓመት አትስማሙ። የአሠሪዬ እናት «ጸልይልኝ» የሚለውን ቃል የተናገረችኝ በአምስተኛው ዓመት ነው።

ከወላይታ ሶዶ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፦

እሷ ያለችው ልክ ነው። ጊዜውን የሚወስኑት ላኪዎቹ ብቻ አይሁኑ፤ የሚኖሩበትም ይጠየቁ።

የመወያያ ሐሳቡን ያነሣው ወንድም፦

የዓመቱ ነገር በጉባኤው ይነሣ። ያ ወንጌላዊም እሑድ መጥቶ እንዲናገር ጠይቄዋለሁ፤ የመሳፈሪያውን ዛሬ ልኬለታለሁ። ውዝፍ ደመወዙ ትናንት ደርሶታል።